ቀስት፣ ፍላጻና ደጋን፦ በጫሞ ዳር ለዓሣ ማደኛ ቀስት ስያሜ ፍለጋ

1. መግቢያ

አንድ መሣሪያ ከአገልግሎት ሲወጣ ስሞቹ አብረውት እንደማይወጡ የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ በመጻሕፍት ውስጥ ተሸሽገው ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ሙያ ተሰደው በዚያ አዲስ ኑሮ ይጀምራሉ፤ ሌሎቹም ከአንዱ የመሣሪያው ክፍል ወደ ሌላው ተዛውረው የጥንቱን ትርጕማቸውን ያሳስታሉ። በአማርኛ ከእነዚህ ሦስት ዕድሎች ሦስቱም የደረሱበት መሣሪያ ቢኖር ቀስት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄ ከተግባር የተነሣ ነው። አንድ ተርጓሚ በቀስት ዓሣ ስለ ማደን፣ ይኸውም ለዚህ ሥራ የሚስማማ ባህላዊ ቀስት ስለ መምረጥና ስለ ማሰናዳት የተጻፈ መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ ቢነሣ ቃላቱን ከየት ያገኛል? ጥያቄውን በባዶ ሜዳ እንዳናነሣው በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር አቁመነዋል። ይህን ቦታ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሐይቆቹ ዳር የማሥገር ሙያ አለ። ሁለተኛ፣ ከሐይቆቹ በላይ በሚገኘው ደጋ፣ በጨንቻና በዶርዜ፣ ከቀስት ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ሌላ መሣሪያ፣ ማለትም የጥጥ ደጋን፣ በሸማኔው ሙያ ውስጥ ስሙንና ሥራውን ጠብቆ ኖሯል። የምንፈልጋቸው ቃላት ከፊሎቹ ከውኃው ዳር፣ ከፊሎቹ ከተራራው ላይ ይገኛሉ ማለት ነው።

2. ሐይቆቹና የማሥገሪያ መሣሪያዎች

አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቈረቈረች ከተማ ናት። የያኔው የጋሞ ጐፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ወደዚህ ሲዛወር፣ ከኰረብታው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ስሟን አገኘች። ከተማዋ ሁለቱን ሐይቆች ቍልቍል ትመለከታለች፤ በሁለቱ መካከል የተዘረጋውን ከፍታ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል።

የሐይቆቹ ስም ራሱ ለስያሜ አጥኚ ትምህርት ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 እ.ኤ.አ. ወደ አካባቢው በደረሰ ጊዜ አባያን በንግሥቲቱ ስም «ማርጌሪታ»፣ ጫሞን ደግሞ በ1893 እ.ኤ.አ. በዝሆን በተገደለው አሳሽ በሩስፖሊ ስም ሰየማቸው። እነዚህ ስሞች ለብዙ ዓመታት በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ታተሙ፤ በሐይቆቹ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ግን አልተቀበላቸውም፤ ዛሬም አይታወቁበትም። ተናጋሪው ያልተጠየቀበት ስያሜ በወረቀት ላይ ሊሰነብት ይችላል፤ በአፍ ግን አይሰነብትም።

በእነዚህ ሐይቆች የሚገኙት ዓሦች በአማርኛ የታወቀ ስም አላቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ከሁሉም በላይ ለአርባ ምንጭ ገበያ ዝና የሰጠው ነጭ ዓሣ። የማሥገሪያ መሣሪያዎቹም እንዲሁ፦ መረብ፣ መንጠቆ፣ ጦር፣ ታንኳ። በአባያ ደሴቶችና በጫሞ ዳር የኖሩት እንደ ሐሮና ጋንጁሌ ያሉት ማኅበረሰቦች በጥንት ዘመን ከሁሉ በላይ የታወቁት ጉማሬን በጦር በማደን ነበር። ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙበት ታንኳም በውኃ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት የሚሠራ ነበር። እነዚህ ሕዝቦች የሚበሉትን ምግብ ምክንያት በማድረግ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ዝቅ ተደርገው ይታዩ እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም። በጣና ዙሪያም ወይጦ የሚለው የሕዝብ ስም እንዲሁ ከሙያ ጋር ተጣብቆ የንቀት ቃል ሆኖ ነበር። ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሕዝብን ስም የሙያ ስም አድርጎ እንዳይመዘግብ መጠንቀቅ ይገባዋል።

በእነዚህ ሐይቆች ዓሣ ለማሥገር ጦር፣ መንጠቆና በኋላም መረብ ዋና መሣሪያ ሆነው የኖሩት፣ ቀስት ግን ያልሆነበት ምክንያት ከውኃው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ቀስት ዐይን የሚመራው መሣሪያ ነው፤ አዳኙ ያላየውን ዓሣ ሊመታ አይችልም። የአባያ ውኃ ወንዞች በሚያመጡት ደለል ምክንያት ቀይ ቡኒ መልክ ያለው ድፍርስ ነው፤ ከጥቂት ጣቶች ጥልቀት በታች ያለው አይታይም። ጫሞ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ አዞ በሚበዛበት ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ መጠበቅ ሕይወትን አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። በአንፃሩ በአንዳማን ደሴቶችና በአማዞን ወንዝ ተፋሰስ የሚኖሩ ሕዝቦች ዓሣን በቀስት ማደን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። እንግዲህ በጫሞ ዳር ለዚህ ሙያ ስም ስንፈልግ የጠፋ ቃል መልሰን እያነሣን ሳይሆን፣ ሁለት ሙያዎችን፣ ማሥገርንና ቀስተኝነትን፣ በቃል እያጋባን መሆናችንን ማወቅ አለብን።

ለማሥገር ራሱ አማርኛ ሁለት ግሦች አሉት። አንደኛው ከግዕዙ ሠገረ የተገኘው አሠገረ ነው፤ ከዚሁ «ዓሣ አሥጋሪ» ይወጣል። ሁለተኛው ጠመደ ነው፤ ከዚሁ «ዓሣ አጥማጅ» እና «ወጥመድ» ይወጣሉ፤ በሬ የሚጠመድበትም ግሥ ይኸው ነው። አጥማጅ ጠብቆ የሚይዝ ነው፤ መንጠቆ ወይም ወጥመድ ጥሎ ዓሣው እስኪገባለት ድረስ ይታገሣል። ቀስተኛ ግን ፈልጎ፣ አይቶ፣ አነጣጥሮ ይወጋል። ስለዚህ «በቀስት ዓሣ ማጥመድ» ከማለት «በቀስት ዓሣ ማደን» ማለት ለነገሩ የቀረበ ነው ብለን እናምናለን።

3. ቀስት በመጻሕፍት

ቀስት የሚለው ቃል ግዕዝ ነው፤ በሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎችም ዘመዶች አሉት። ፍላጻን ግዕዝ ሐጽ ይለዋል። የቀስት ሥራ በአገራችን ጽሑፍ ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነገሡት ስለ አፄ ዓምደ ጽዮን ዘመቻ የተጻፈው ታሪክ ቀስተኞችን ይጠቅሳል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐረብ ፈቂህ የጻፈው የኢማም አሕመድ ዘመቻ ታሪክም ማያ ስለሚባሉት የመርዝ ፍላጻ ወርዋሪዎች ይናገራል። በኋላ ጦርና ጋሻ፣ ከዚያም ጠመንጃ የሠራዊቱ ዋና መሣሪያ ሲሆኑ ቀስት ከደጋው ኑሮ እየራቀ ሄደ። በምዕራብ እንደ ጉሙዝ ባሉት ሕዝቦች፣ በደቡብም ዋታ በሚባሉት አዳኞች ዘንድ ግን የአደን መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ለፍላጻ የሚሆነው መርዝ በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚገኘው በአማርኛ መረንዝ ከሚባለው ዛፍ ወገን ነው። ዓሣን ለማደንዘዝ ግን በአገራችን የታወቀው የብርብራ ፍሬ ዱቄት ነው።

ቀስት ከመሬት ሲርቅ በሰማይ ቀረ ማለት ይቻላል። ከዝናም በኋላ የሚታየውን ኅብር ቀስተ ደመና እንለዋለን። በዐውደ ነገሥት የሚገኙት ዐሥራ ሁለቱ የከዋክብት መናዝል ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ቀውስ ቀስት ማለት ነው፤ የመጨረሻው ሑት ደግሞ ዓሣ ነው። ቀስትና ዓሣ በአማርኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ቦታ ይህ የኮከብ ቈጠራ ዝርዝር መሆኑ ለዚህ ጥናት ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

4. ከአደን ወደ ጥጥ

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። በጋሞ ደጋ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ሽመና የወንዶች ሙያ ነው፤ ፈትል የሴቶች። ብዙ የዶርዜ ሸማኔዎች በጊዜ ብዛት ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፍረው ሙያቸውን አስፋፍተዋል። ጥጥ ሸማ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበት መንገድ በአማርኛ እያንዳንዱ በስሙ ተለይቶ የተጠራ ነው፦ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣለታል፤ ከዚያ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም በቀሰም ተጠቅልሎ ወደ ሸማኔው ይደርሳል።

ደጋን ምንድን ነው? የታጠፈ እንጨት፣ በሁለቱ ጫፍ መካከል የተወጠረ ጅማት፣ ማለትም ቀስት ነው። ልዩነቱ ፍላጻ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው፤ ጅማቱ እየተነዘረ ጥጡን ይበትናል። መሲንቆ መቺውም የጭራ ጠጕር የተወጠረበትን መምቻውን ደጋን ይለዋል። እንግዲህ ከጦር ሜዳና ከአደን የራቀው መሣሪያ በሴቶችና በአዝማሪዎች እጅ ሳይቋረጥ ኖረ።

ግሡ ከመሣሪያው የበለጠ ያስተምራል። ነደፈ በግዕዝ ወጋ፣ በፍላጻ መታ ማለት ነው። በአማርኛ ንብ ይነድፋል፣ ጊንጥ ይነድፋል፣ እባብ ይነድፋል፤ ይህ የመውጋት ትርጕም ነው። ጥጥም ይነደፋል፤ ይህ የደጋን ትርጕም ነው። በዐረብኛም ይኸው ሥር ጥጥን በደጋን ማባዘት ማለት ነው፤ ስለዚህ ዝምድናው ጥንታዊ መሆኑ ይታያል። በዘመናችንም ዕቅድ ይነደፋል፤ ከዚሁ ንድፍ ተገኝቷል፤ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው ስያሜም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ፍላጻ፣ ጥጥና የሳይንስ ሐሳብ በአንድ ግሥ ሥር መሰብሰባቸውን ያላስተዋለ መዝገበ ቃላት ሦስት የተለያዩ ነደፈዎችን ይመዘግባል፤ ይህም አንባቢውን የታሪኩን ክር ያሳጣዋል።

አውታርም እንዲሁ ነው። በግዕዝ ወትር የቀስት ጅማት ነው፤ አውታር ብዙ ቍጥሩ ነው። አማርኛ ብዙ ቍጥሩን ነጠላ አድርጎ ወሰደው፤ ለበገናና ለክራር ክር ስም አደረገው። ዛሬ ደግሞ «የመንገድ አውታር» እና «አውታረ መረብ» እንላለን። ይህ የመጨረሻው ስያሜ የቀስትን ጅማትና የዓሣ አሥጋሪን መረብ አንድ ላይ አስሮ የዘመናዊ መገናኛ ስም ያደረገ ነው። እኛ በጫሞ ዳር በቀስት ዓሣ ለማደን ስም ስንፈልግ፣ ሁለቱ ቃላት ቀድመውን ሳንጠራቸው ተገናኝተው ቈይተዋል።

5. ቃሉ ሲዛወር

እስካሁን የጠቀስናቸው ለውጦች ቋንቋውን ያበለጸጉ ናቸው። አንዱ ለውጥ ግን ጉዳት አለው። በዛሬው የተለመደ አማርኛ ቀስት የሚለው ቃል አቅጣጫ ለሚያሳየው ምልክት ስም ሆኗል፤ በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕላዊ መግለጫ፣ በመንገድ ምልክት፣ በኮምፒዩተር መጫኛ ሰሌዳ ላይ «ቀስቱ ወደሚያመለክተው» ይባላል። ያ ምልክት ግን ቀስት ሳይሆን ፍላጻ ነው። ቀስት የሚያስወነጭፈው፣ ፍላጻ የሚወነጨፈው ነው። ቀስት አይቶ የማያውቅ ትውልድ የሁለቱን ስም ማምታታቱ አያስደንቅም።

ጉዳቱ የት ላይ ነው? አንደኛ፣ ቀስቱን ገተረ ወይም ለጠጠ የሚል የቈየ ጽሑፍ ያነበበ ወጣት ቀጥ ያለ ዘንግ እንዴት እንደሚለጠጥ ግራ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ቀስት የሕይወታቸው ክፍል ሆኖ ስለኖረ እንደ ጉሙዝ ስላሉት ሕዝቦች የሚጽፍ ተርጓሚ ቃሉን ሳይለይ ቢጠቀምበት የሰዎቹን ሙያ ያዛባል። ሦስተኛ፣ በመመሪያ ጽሑፍ «ቀስቱን በገመድ እሰር» ቢል አንባቢው የትኛውን እንደሚያስር አያውቅም፤ ገመዱን ከፍላጻው ይልቅ በቀስቱ ጫፍ ቢያስር ደግሞ አደጋ ይደርስበታል። የቃል ስሕተት የአካል ጉዳት የሚያስከትልበት ጊዜ አለ።

ግሡም ላይ እንዲህ ያለ ችግር አለ። ዛሬ ብዙዎች «ቀስት ተኰሰ» ይላሉ። ተኰሰ በእሳት አቃጠለ፣ በጋለ ብረት ነካ ማለት ነበር፤ እሳት የሚተፋው ጠመንጃ ሲመጣ ለእርሱ ተስማማ። ቀስት ግን እሳት የለውም። ጦር ይወረወራል፣ ድንጋይ በወንጭፍ ይወነጨፋል፣ ጠመንጃ ይተኰሳል። ለቀስት የሚገባው ግሥ ፍላጻን ሰደደ ወይም ወረወረ፤ ዒላማውን ሲያገኝ ደግሞ ነደፈ ነው።

ታዲያ ቀስት ለምልክቱ ስም እንዳይሆን እንከልክል ወይ? አይቻልም፤ አይገባምም። ተናጋሪው የለመደውን በደብዳቤ ማስቀረት አይቻልም። መዝገበ ቃላት ሊያደርግ የሚገባው የመጀመሪያውን ትርጕም በመጀመሪያ፣ የምልክቱን ትርጕም በሁለተኛ ተራ ቍጥር መዝግቦ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ማሳየት ነው። በሥነ ስፍር ለክብ ክፍል ቅስት የሚለው ስያሜ መለመዱ፣ የቀስት መሠረታዊ ሐሳብ ጕብጠት እንጂ ቀጥታ አለመሆኑን ስለሚመሰክር ለዚህ ዐይነቱ አገባብ ረዳት ነው።

6. ለቀስቱ ክፍሎችና ለአሰነዳዱ የሚሆኑ ስሞች

በስያሜ ሥራ የተለመደው ሥርዓት ቃሉን መጀመሪያ በሕያው አማርኛ፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያም በሌሎቹ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ በመጨረሻም ከውጭ መዋስ ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት መመሪያውን ተራ በተራ እንከተለው።

መጀመሪያ የሚነሣው ምርጫው ነው። ለዓሣ የሚሆን ቀስት ለትልቅ አውሬ እንደሚሆነው ብርቱ መሆን አያስፈልገውም፤ ርቀቱ አጭር ነው፤ አዳኙም ደጋግሞ መሳብ አለበት። በጀልባ ላይ ስለሚያዝ አጠር ያለ ይመረጣል። እንጨቱ ታጥፎ የሚመለስ፣ ጕጥ የሌለው መሆን አለበት፤ በምሥራቅ አፍሪካ የለንቋጣ ወገን የሆኑ እንጨቶች ለዚህ ሥራ ይውላሉ። እዚህ ላይ የቀስቱን መካከል እጀታ፣ ከእጀታው ግራና ቀኝ የሚታጠፉትን ሁለቱን ክፍሎች ክንድ እንበላቸው። ቀስቱን ለመሳብ የሚጠይቀውን ጕልበት «የስበት ኃይል» ማለት ከመሬት ስበት ጋር ስለሚያምታታ «የመሳቢያ ጕልበት» ይሻላል።

ቀጥሎ አውታሩ ነው። ጅማትና አንጀት ውኃ ሲነካቸው ይለጠጣሉ፤ ስለዚህ ለዓሣ አዳኝ የማይረጥብ ክር ያስፈልገዋል። የሸማኔው ቃል እዚህ ይጠቅመናል፦ አውታር ይወጠራል፣ ይላላል። ከሥራ በኋላ አውታሩን ማላላት እንጨቱን ከመድከም ያድነዋል። በተወጠረው አውታርና በእጀታው መካከል ያለውን ርቀት የሚገልጽ አንድ ቃል በአማርኛ የለም፤ «የአውታር ርቀት» ብንል ግልጽ ነው፤ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ፍላጻው ነው። የዓሣ ፍላጻ ከአየር ይልቅ ለውኃ የተሠራ ስለሆነ ዘንጉ ከበድ ያለ ነው፤ ላባም አያስፈልገውም። ዘንጉ ከሸንበቆ ወይም ከቀርከሃ ሊሠራ ይችላል፤ የጋሞ ደጋ ቤቶች የሚታነጹበት ቀርከሃ በአካባቢው የታወቀ ነው። ጫፉ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች አሉት፤ ዓሣው እንዳያመልጥ የሚይዙት እነርሱ ናቸው። እነዚህን መንጠቆ ብንላቸው ከመንጠቆው ራሱ ጋር ይምታታሉ፤ ስለዚህ «የፍላጻ ጥርስ» የሚለውን እንመርጣለን። ዓሣውን ለመሳብ የሚያገለግለው ገመድ በፍላጻው ዘንግ ላይ ይታሰራል፤ ሁልጊዜም ከአውታሩ ፊት ለፊት እንጂ ከኋላው ማለፍ የለበትም፤ ከአውታሩ ጋር ከተጠላለፈ ፍላጻው ወደ አዳኙ ሊመለስ ይችላል። «ፍላጻ» እና «ቀስት» ሳይለዩ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር በትክክል መጻፍ እንደማይቻል አንባቢ ያስተውላል።

በመጨረሻ ማነጣጠር ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣው ካለበት ቦታ ከፍ ብሎ ይታያል። ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚመለከት ሰው በ1 ሜትር ጥልቀት ያለ ዓሣ በ75 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ አዳኙ ከሚታየው ዓሣ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር አለበት። እንዲህ ያለ መመሪያ የሚተረጕም ሰው አደኑ የሚፈቀድበትን ሁኔታም ለአንባቢው ሊያሳስብ ይገባል፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በአዋጅ ቍጥር 315/1995 ሕግ የወጣለት ሥራ ነው።

ደጋን የሚለውን ቃል ለመሣሪያው ሁሉ ስም እንድናደርገው የሚገፋፋን ነገር አለ፤ ቃሉ ሕያው ነው፤ ከምልክቱም ጋር አይምታታም። ሆኖም ከፈታይዋና ከመሲንቆ መቺው እጅ ቃሉን ነጥቀን ለሌላ ብንሰጥ አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ይሆንብናል። ቀስት ለመሣሪያው፣ ፍላጻ ለሚወነጨፈው፣ ደጋን ለጥጥና ለመሲንቆ ይቈዩ።

7. ማጠቃለያ

በሦስተኛው ደረጃ የጠቀስነውን፣ ይኸውም ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መዋስን፣ በዚህ ጽሑፍ አልሞከርንም። ይህንን ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ጋሞኛ የራሱ ጽሑፍና የራሱ ትምህርት ቤት ያለው ቋንቋ ነው፤ የሐይቁንና የሽመናውን ቃላት ከእርሱ መውሰድ የሚቻለው ከተናጋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ እንጂ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ተነሥቶ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጐፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም በመማሪያ መጻሕፍት ለማስገባት የተደረገው ሙከራ በወላይታ ሕይወት ያጠፋ ተቃውሞ አስነሥቶ መጻሕፍቱ እንዲሰበሰቡ ሆኗል። በቋንቋ ሥራ ተናጋሪውን ያላማከረ ስያሜ ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የቦቴጎ ስሞች ተረሱ፤ የወጋጎዳ መጻሕፍት ግን ሐዘን ትተው አለፉ።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት የሸማኔውን ቤት፣ የዓሣ አሥጋሪውን ታንኳ፣ የአዝማሪውን ምት እንጠይቅ፤ የምንፈልገው ብዙ ጊዜ በሌላ ሙያ ስም ለብሶ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ያገኘነውንም ስንመዘግብ የሄደበትን መንገድ አብረን እንመዝግብ። ቀስት የት እንደ ነበረና ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ ተርጓሚ ገመዱን በየትኛው እንደሚያስር አይሳሳትም።